በር መዝጋትና ከመዝገብ መውጣት፤ ስለ አሜሪካ «ባዕድ» ማኅበሮች የስንብት ሕግ የቀረበ ሒስ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና አስቀድሞ «ባዕድ ማኅበር» ማለት ምን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። በአሜሪካ አገር የንግድ ማኅበርን በአብዛኛው የሚያቋቁመው እያንዳንዱ ስቴት በየራሱ ሕግ ነው እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት አይደለም። ስለዚህ በኒው ጀርሲ የተቋቋመ ማኅበር የሀድሰንን ወንዝ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ሱቅ ሲከፍት በሕግ ቋንቋ ባዕድ ይባላል፤ በዚያም ለመነገድ እንደ ገና መመዝገብ አለበት። የአዲስ አበባ ነጋዴ ሐዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ቢከፍት ባዕድ እንደማይባል ለለመደ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል።

ሥሩ ግን የቆየ ነው። የጆርጂያው የኦገስታ ባንክ በአላባማ ስለ ገዛው የሐዋላ ሰነድ በተነሣው ክርክር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1839 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፍርድ ሰጥቷል። ዳኛ ቴኒ እንደ ገለጹት ማኅበር ከተወለደበት ስቴት ወጥቶ ሊኖር አይችልም፤ በሌላው ስቴት መዋዋል የሚችለውም ያ ስቴት ካልከለከለው ነው። በ1869 ደግሞ በፖልና በቨርጂኒያ ክርክር፥ ማኅበር እንደ ዜጋ ሆኖ በሌላው ስቴት የዜግነት መብት ሊጠይቅ እንደማይችል ተፈረደ። መግባት በፈቃድ ከሆነ፥ ፈቃዱን የሰጠው ስቴት የመውጫውንም ሥርዓት መደንገጉ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ሊቃውንት በመግቢያው ላይ ሲከራከሩ መውጫውን የጸሐፊዎች ሥራ አድርገው ትተውታል። ትንሹን ነጋዴ የሚጎዳው ግን ይኸው ችላ የተባለው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ያዘጋጀውና ብዙ ስቴቶች የተከተሉት ሞዴል ሕግ በ1984 ታርሞ ሲወጣ የስንብቱን ሥርዓት እንዲህ ደንግጓል። ሥራውን ያቆመ ባዕድ ማኅበር ለስቴቱ የስንብት ማመልከቻ ያቀርባል። በማመልከቻውም ከእንግዲህ በዚያ ስቴት እንደማይነግድ፥ ፈቃዱን እንደሚመልስና መጥሪያ የሚቀበልለትን ወኪል እንዳነሣ ይገልጻል። በስቴቱ ይነግድ በነበረበት ዘመን ከተፈጸመ ነገር ለሚነሣ ክስ ደግሞ ሰክሬታሪ ኦፍ ስቴት የሚባለው የስቴቱ ሹም መጥሪያ እንዲቀበልለት ይሾማል፤ መጥሪያው የሚላክበትን አድራሻ ይሰጣል፥ አድራሻው ሲለወጥም ለማሳወቅ ቃል ይገባል። ይህ ድንጋጌ ሊመሰገን ይገባዋል። ማኅበሩ ቤቱን ዘግቶ ቢሄድ እንኳ ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ ወይም ዕቃ በዱቤ የሰጠ ነጋዴ መጥሪያ የሚያደርስበት ቦታ አያጣም።

ነገር ግን የስንብት ሕግ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ያለፈውን ዕዳ ማስጠበቅ ሲሆን ሁለተኛው አዲስ ዕዳ እንዳይወለድ ማቆም ነው። የመጀመሪያውን በሚገባ ሲፈጽም በሁለተኛው ይሰንፋል።

ምሳሌ ልስጥ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአንድ ቀን ውስጥ ቨርጂኒያን፥ ሜሪላንድንና ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያን ሲያቋርጡ ድንበሩን ልብ አይሉትም። ከእነርሱ አንዱ በቨርጂኒያ ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር አቋቁሞ፥ በሜሪላንድም በባዕድነት ተመዝግቦ፥ በሲልቨር ስፕሪንግ የእንጀራና የቅመማ ቅመም መደብር ከፈተ እንበል። ገበያው አልሆን ቢለው የመደብሩን ዕቃ ሸጦ፥ ቁልፉን ለባለ ሕንፃው መልሶ ወደ ቨርጂኒያ ይመለሳል። በእርሱ ሐሳብ ሥራው አልቋል። በሜሪላንድ መዝገብ ግን ስሙ እስካልተሰረዘ ድረስ ዓመታዊ ማስታወቂያ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል፤ መደበኛው ክፍያም 300 ዶላር ነው። ካሊፎርኒያማ ትብሳለች። በዚያ የተመዘገበ ባዕድ ማኅበር አንዲት ሳንቲም ባይሸጥም እንኳ የስንብት ወረቀቱን እስኪያስገባ ድረስ በየዓመቱ 800 ዶላር ዝቅተኛ ፍራንቻይዝ ታክስ ይታሰብበታል። ለትልቅ ፋብሪካ ይህ የሻይ ገንዘብ ነው፤ ከስሮ ለዘጋ ባለሱቅ ግን ከኪሳራው ላይ የሚጨመር ሌላ ኪሳራ ነው።

ከዚህ የባሰው የክሊራንሱ ጉዳይ ነው። በኒው ዮርክ ሕግ ባዕዱ ማኅበር ፈቃዱን ሲመልስ የግብር መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ አለበት፤ በቴክሳስም ኮምፕትሮለሩ የሚሰጠው የግብር ማስረጃ ያስፈልጋል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ግብር ያለበት ሰው ሹልክ ብሎ እንዳይሄድ ነው። ውጤቱን ስንመረምረው ግን ዓላማውን የሚያፈርስ ሆኖ እናገኘዋለን። ግብሩን መክፈል ያቃተው ማኅበር ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ ያላገኘ አይሰናበትም፤ ያልተሰናበተ ደግሞ እንደ ተመዝጋቢ ሆኖ ሌላ ግዴታ ይጨመርበታል። የሞተ ማኅበር በመዝገብ ላይ ሕያው ሆኖ ዕዳ ሲያበዛ ስቴቱ ምን ይጠቀማል? ከባዶ ካዝና የሚሰበሰብ ነገር የለም። ካሊፎርኒያ ራሷ፥ በዝቅተኛው ግብር የነቀፍኳት፥ በ2006 የክሊራንሱን ግዴታ ሰርዛለች። አሁን የመጨረሻው የግብር ማስታወቂያ እንደ ቀረበ ወይም እንደሚቀርብ በወረቀቱ ላይ መገለጹ ይበቃል። ዕዳው በስንብቱ አይሰረዝም፤ ገንዘብ ቤቱ በተለመደው መንገድ ይጠይቃል። ይህን ያህል ሰፊ ንግድ ያላት ስቴት ያለ ክሊራንስ መሥራት ከቻለች ኒው ዮርክና ቴክሳስ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የንግድ መዝገብ የቆመው ሦስተኛ ወገኖች እንዲተማመኑበት ነው፤ ስለዚህ ነጋዴው በልቡ የሚያውቀውን የመዝጊያ ቀን ትተን በመዝገብ የተጻፈውን ቀን መያዝ አለብን ይላሉ። አበዳሪን ወይም ገዢን በሚመለከት ይህን እቀበላለሁ። ይሁንና ዓመታዊ ክፍያውን የሚጠይቀው ስቴቱ ራሱ ነው፤ ስቴቱ ደግሞ የራሱን መዝገብ አምኖ የተታለለ ሦስተኛ ወገን ነኝ ሊል አይገባም። ነጋዴው በግብር ማስታወቂያው ላይ «የመጨረሻ» ብሎ ጽፎ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ካስገባ በኋላ የመዝገቡ ሹም አላውቅም ቢል፥ የሁለት ቢሮዎች አለመነጋገር ዋጋ በባለሱቁ ላይ መጫኑ ነው። ሥራው የቆመበት ቀን በማስረጃ ሲታወቅ ከዚያ ወዲህ ያለው ክፍያ ቢሰረዝ፥ ለሦስተኛ ወገኖች የሚደረገው ጥበቃ ግን እስከ ስንብቱ ቀን ቢቆይ፥ አንዱም አይጎዳም።

አንዳንዶች «ዝም ብለው ቢተዉት ስቴቱ ራሱ ይሰርዘዋል» ይላሉ። እውነት ነው፥ ማስታወቂያ ያላቀረበ ማኅበር ፈቃዱ ይነሣበታል። ይህ ግን ቅጣት እንጂ ስንብት አይደለም፤ የተጠራቀመው ዕዳ ይቀራል፥ ማኅበሩም አንድ ቀን ተመልሶ መነገድ ቢፈልግ አስቀድሞ ያንኑ መክፈል አለበት።

ነገሩ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። በፔንሲልቫኒያ ሕግ ባዕድ ማኅበር መመዝገቡ ብቻ በዚያ ስቴት ፍርድ ቤት በማንኛውም ጉዳይ እንዲከሰስ ያደርገዋል፤ ነገሩ በፔንሲልቫኒያ የተፈጸመ መሆን የለበትም። አንድ የባቡር ሠራተኛ በኦሃዮና በቨርጂኒያ ሲሠራ ለካንሰር የሚዳርግ ነገር አጋጥሞኛል ብሎ ኖርፎክ ሳዘርን የተባለውን የቨርጂኒያ ባቡር ኩባንያ በፔንሲልቫኒያ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 በማሎሪ ጉዳይ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ክሱ የሕገ መንግሥቱን የፍትሐዊ ሥርዓት መብት አይጥስም አለ። ከአምስቱ አንዱ የሆኑት ዳኛ አሊቶ ግን ሕጉ በስቴቶች መካከል ያለውን ንግድ ስለሚጫን በሌላ ምክንያት ሊወድቅ እንደሚችል ጠቁመዋል። ኩባንያው በፔንሲልቫኒያ ሐዲድም ሠራተኛም በብዛት ነበረው፥ ዳኞቹም ይህን አንሥተዋል። ሐዲዱን ነቅሎ የሄደ፥ ስሙን ግን ከመዝገብ ያላሰረዘ ማኅበር ቢሆን ኖሮ ምን ይባል እንደ ነበር በፍርዱ አልተወሰነም። የፔንሲልቫኒያ ሕግ ቃል ግን የሚጠይቀው ስለ መዝገቡ ነው፤ ስለ ሐዲዱ አይጠይቅም።