«እኛ» ሲል እነማንን ነው?
(ስለ ባለቅኔው ዬትስ የሴኔት ንግግሮች)

ባለቅኔ ምክር ቤት ቢገባ ምን ይናገራል? ይህች ጥያቄ በንባብ ክበባችን ሦስት ቅዳሜ ፈጅታለች። መነሻችን የአየርላንዱ ዊልያም በትለር ዬትስ ነው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት የወሰደ ሁሉ ሁለት ሦስት ግጥሙን ለፈተና ሸምድዷል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሴናተር እንደነበረ ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፤ እሱም ቢሆን «የክብር ወንበር ነው፣ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር» ብሎ አሳሳተን። ኧረ ዝምስ አላለም! ንግግሮቹን ዶናልድ ፒርስ የተባለ ሰው ሰብስቦ በ1960 በመጽሐፍ አውጥቷቸዋል። መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን አነበብነው። (እዚህ የምንጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

አስቀድመን ወንበሩ እንዴት ያለ ወንበር እንደነበር እንናገር። አየርላንድ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ በ1921 መጨረሻ ውል ተፈራረመች። ሰሜኑ በእንግሊዝ እጅ ቀረ፤ የተረፈው «ነፃ መንግሥት» ተባለ። ወዲያው ውሉን የተቀበሉትና ያልተቀበሉት እርስ በርሳቸው ጦር ተማዘዙ። በዚህ እሳት መካከል፣ በታኅሣሥ 1922፣ ስድሳ አባላት ያሉት የላይኛው ምክር ቤት ተቋቋመ። ሠላሳዎቹን የታችኛው ምክር ቤት መረጠ፤ ሠላሳዎቹን የመንግሥቱ መሪ ኮስግሬቭ ሾመ። ከሹመቱ ዓላማ አንዱ በቁጥር ትንሽ የሆኑት ፕሮቴስታንቶች በአዲሱ መንግሥት ቦታ እንዲኖራቸው ማድረግ ነበር። ዬትስ ከተሾሙት አንዱ ነው።

የድሎት ወንበር እንዳይመስላችሁ። በ1923 መጀመሪያ የውሉ ተቃዋሚዎች የሴናተሮችን ቤት እያነደዱ ነበር። የዬትስ ወዳጅ ሐኪሙና ገጣሚው ጎጋርቲ በጥር ወር ታፍኖ ተወስዶ ሊገደል ሲል፣ በብርድ ሊፊ ወንዝ ውስጥ ዘሎ ዋኝቶ አመለጠ። እንግዲህ በዚያ ወራት ሴኔት ገብቶ መቀመጥ ራሱ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ይህን ሳናነሣ ሰውየውን ብንተች ነውር ይሆንብናል።

ወደ ንግግሮቹ እንግባ። እኛን ከሁሉ ይልቅ የማረከችን በመጋቢት 1926 ስለ ትምህርት ቤት የተናገራት ናት። ሕጉ ልጆች በግድ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያዝ ነበር። ዬትስ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቶችን እየዞረ አይቷል፤ ዋተርፎርድ ከተማ ደናግል የሚያስተምሩበት አንድ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ስሙን ሁላችን የምናውቀው በትምህርት ቤት ልጆች መካከል የቆመ የስድሳ ዓመት ሰው ግጥም ከዚያ ጉብኝት ተወለደ። ሴኔቱ ፊት ግን ግጥም አላነበበም። ልጆቹን አስገድዳችሁ ከማምጣታችሁ በፊት ቤቱን አጽዱ፣ አሙቁ ነው ያለው። ቀጥሎም አውሮፓ ለብዙ ዘመን ሃይማኖትን ከልጁ አስበልጣ ተሳስታለች፣ አሁን ደግሞ አገርን ከልጁ ልታስበልጥ ነው፣ የትምህርት ግቡ ግን ልጁ ራሱ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። ነፃነቷን ካገኘች አራት ዓመት ያልሞላት አገር ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ከአገር ልጁ ይቅደም ማለት! እስኪ አስቡት።

ሌሎቹን ቶሎ እንለፋቸው። ሂዩ ሌን የተባለው የሥዕል ነጋዴ በ1915 ሉሲታኒያ መርከብ ላይ ሲሞት ሠላሳ ዘጠኝ ሥዕሎቹን ለደብሊን የሚሰጥ የኑዛዜ ጭማሪ ጽፎ ነበር፤ ዳሩ ግን ምስክር ስላልፈረመበት ሥዕሎቹ ለንደን ቀሩ። ዬትስ በ1923ም በ1926ም ስለነሱ ተሟገተ። ስለ ጥንታውያን የአየርላንድኛ ጽሑፎች መታተም ታገለ፤ የማይችሉትን ቋንቋ እንደሚችሉ ማስመሰልን ግን ተቃወመ። የአዲሱን ሳንቲም ሥዕል የሚመርጠው ኮሚቴ ሊቀ መንበርም ነበር። በ1928 መጨረሻ የወጡትን ሳንቲሞች ያየ ሰው ይገረማል፤ የንጉሥ መልክ የለ፣ የጀግና መልክ የለ! በአንድ ወገን በገና፣ በሌላው ፈረስ፣ ኮርማ፣ ጥንቸል፣ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ አሳማ ከነግልገሎቿ። የመስቀል ምልክት የለበትም፣ ይህ የአረማውያን ገንዘብ ነው ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ሆኖም ኮርማውና ሳልሞኑ እስከ 2002፣ ዩሮ እስኪመጣ ድረስ፣ ከሰው ኪስ አልወጡም።

አሁን ወደ ጠቡ። ሰኔ 11 ቀን 1925 ስለ ፍቺ የተናገረውን ማለታችን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ዘመን ፍቺ የሚፈልግ አየርላንዳዊ ለእሱና ለሚስቱ ብቻ የተለየ ሕግ ለንደን ላይ እንዲወጣለት ያመለክት ነበር። ይህም ወጪው ከባድ ስለሆነ ድኃ የሚሞክረው አልነበረም። ነፃነት ሲመጣ ማመልከቻው ወደ ደብሊን ዞረ። በ1926ቱ ቆጠራ ከመቶ ዘጠና ሁለት የሚበልጠው ሕዝብ ካቶሊክ ነው፤ መንግሥትም በሩን ለመዝጋት ቈረጠ። ዬትስ በመጋቢት ሊናገር ተዘጋጅቶ ሳለ ጉዳዩ ከሥነ ሥርዓት ውጭ ነው ተብሎ ቀረ፤ ያልተናገረውን በጋዜጣ አሳተመው። በሰኔ ግን ተራው ደረሰው።

አጀማመሩ የብልህ ፖለቲከኛ ነው። አገሪቱን በካቶሊክ አስተሳሰብ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሰሜኑን መቼም አታገኙትም፣ በሕዝቡ መካከል ሽብልቅ ትከታላችሁ አላቸው። ይህ ትንቢት ምን ያህል እንደደረሰ የሰሜን አየርላንድን ታሪክ ያነበበ ይፍረድ። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ቀልድ ዞረ። ደብሊን ዋናው ጎዳና ላይ ሦስት ታላላቅ ሐውልቶች ነበሩ፤ የኔልሰን፣ የኦኮኔልና የፓርኔል። ኔልሰንና ፓርኔል ከሰው ሚስት ጋር የኖሩ ናቸው፤ ኦኮኔልም ሐሜት አላጣውም። እናንተ ጋብቻ አይፈርስም ትላላችሁ፣ ሐውልት የምታቆሙት ግን ለማን ነው? ማለቱ ነው። ሊቀ መንበሩ ሎርድ ግሌናቪ ጣልቃ ገብተው ሙታኑን ብንተዋቸው አይሻልም ወይ ቢሉት፣ ማለፉን ነግሯቸው፣ ሙታንን መተው ግን እንደሚጠላ መለሰላቸው። እዚህ ላይ ክበባችን በሳቅ ፈረሰ።

መደምደሚያው ላይ ሳቁ ጠፋ። ይህን የበደላችሁን እኛ ትንሽ ሕዝብ አይደለንም፣ ከአውሮፓ ታላላቅ ዘሮች አንዱ ነን፣ የበርክ፣ የግራታን፣ የስዊፍት፣ የኤሜት፣ የፓርኔል ወገን ነን፣ የዚህችን አገር ዘመናዊ ሥነ ጽሑፍ አብዛኛውን የፈጠርነው እኛ ነን አለ። እየተደጋገመ የሚጠቀሰው ይኸው ክፍል ነው። በእኛ አስተያየት ግን ንግግሩ የተሰበረው እዚሁ ላይ ነው።

ለምን ቢሉ፣ የዘረዘራቸውን ስሞች አንድ በአንድ እንመልከት። በርክ የካቶሊክ እናት ልጅ ነው፤ ለካቶሊኮች መብት ተሟግቷል። ግራታን ፕሮቴስታንት ሆኖ ሳለ ካቶሊኮች ሙሉ መብት እንዲያገኙ ዕድሜውን ጨርሷል። ኤሜት በ1803 በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ዐምፆ የተሰቀለው የፕሮቴስታንት ዘር ይከበር ብሎ አይደለም። ፓርኔልንስ ተከትሎ የሄደው ማን ነበር? የካቶሊኩ ገበሬ አይደለም እንዴ! እነዚህ ሰዎች ስማቸው የቀረው ከዘራቸው አጥር ወጥተው ስለ ሌላው በመናገራቸው ነው። ዬትስ ግን መልሶ አጥሩ ውስጥ አስገብቷቸው በሩን ዘጋባቸው። ሙታንን መተው እጠላለሁ ያለው ሰው ሙታኑን አልሰማቸውም። «ሙታኑን ተው» ያሉት ሊቀ መንበር ራሳቸው ፕሮቴስታንት ነበሩ፤ «እኛ» የተባለው ነገር እሳቸውንም ጠቅልሎ አልያዘም ማለት ነው።

በዚህ ትችት አንዲት ጓደኛችን አልተስማማችም። የተበደለ አናሳ ወገን ጣፋጭ ቋንቋ የመናገር ግዴታ የለበትም፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መናገሩ ብቻ ይበቃል ባይ ናት። ሌላው ደግሞ ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጠው፤ ሥልጣን ያጣ የባላባት መደብ ቁጣ ነው፣ አለቀ! ሁለቱም እውነት አላቸው። የኋለኛው አባባል ግን የድስት ክዳን ይመስላል፤ ከገጠመ ወዲህ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያይ የለም። ባላባት ብቻ ቢሆን ያ የትምህርት ቤት ንግግር ከየት መጣ? ለጓደኛችን የምንመልሰው ደግሞ ይህን ነው፤ በዚያ ዝነኛ መደምደሚያ ውስጥ ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት የለችም። ካቶሊክም ትሁን ፕሮቴስታንት ሕጉ በሯን የሚዘጋባት እሷ ነበረች። በትምህርት ቤቱ ንግግር የቀዘቀዘው ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ይታየናል፤ በፍቺው ንግግር መጨረሻ የሚታየው ተናጋሪው ብቻ ነው።

በሩ እንደ ተዘጋ ቆየ። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ቁልፍ ጨመረበት። የተከፈተው በኅዳር 1995 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ልዩነቱ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ዐሥራ አራት ድምፅ ብቻ ነበር። የከፈቱትም በአብዛኛው የእነዚያው «እናንተ» የተባሉት ካቶሊኮች የልጅ ልጆች ናቸው።

በሐምሌ 1928፣ ጤናው ታውኮ ሊሰናበት ሲል፣ ስለ ሴኔቱ አመራረጥ ተናገረ። እዚህ ቤት ውስጥ ወኪል ከመሆን ይልቅ ችሎታ ያለው ሰው መገኘቱ ይበልጣል አለ። አጭር ንግግር ናት፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት አልተናገረም። ያን ቅዳሜ መጽሐፉን ዘግተን ስንወጣ፣ ያ «የክብር ወንበር» ያለን ልጅ ደረጃው ላይ አስቆመንና፣ ታዲያ ስለ ልጆቹ ሲናገር ማን ወክሎት ነበር? ብሎ ጠየቀን። እስካሁን እየተከራከርንበት ነው።