«ያልተማከለ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ሙያዊ ቃላት የቀረበ ሂስ

የዚህ አጭር ሂስ ዓላማ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «ያልተማከለ ማኅበራዊ መገናኛ» እየተባለ ከሚጠራው አሠራር ጋር ተያይዘው ወደ ቋንቋችን በመግባት ላይ የሚገኙትን ጥቂት ሙያዊ ቃላት መመርመር ነው። ጉዳዩ የቃላት ብቻ አይደለም። እነዚህ መድረኮች በድንገት አድገው ወዲያው የሚመነምኑበት፣ አዲስ ተጠቃሚም ከደጃፍ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት የስያሜ ጉድለት እንደ ሆነ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንነቅፋቸው ቃላት አብዛኞቹ እኛው ራሳችን ባዘጋጀነው ረቂቅ ዝርዝር ውስጥ የሰፈሩ መሆናቸውን ግን አስቀድመን እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ጽንሰ ሐሳቡን ማስረዳት ያስፈልጋል። በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ የሚጻፈውና የሚታየው ሁሉ በአንድ ኩባንያ መሣሪያዎች ውስጥ ያልፋል፤ ደንቡን የሚያወጣውም ያው ኩባንያ ነው። በጀርመን አገር የሚኖረው ኦይገን ሮችኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው ማስቶዶን ግን ከዚህ ይለያል። ማስቶዶን አንድ ቤት አይደለም፤ ልዩ ልዩ ሰዎችና ማኅበራት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰርቨር የሚያስተዳድሯቸው የብዙ ቤቶች ስብስብ ነው። ቤቶቹ መልእክት የሚለዋወጡት «አክቲቪቲፐብ» በተባለ፣ የዓለም አቀፉ ድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ባጸደቀው የጋራ ሥርዓት አማካይነት ነው።

ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 መጨረሻ ትዊተርን በገዛ ጊዜ ወደ ማስቶዶን የጎረፈው ሰው ብዙ ነበር። 300 ሺህ ገደማ የነበረው ወርኃዊ ተጠቃሚ በአጭር ጊዜ ወደ 2.5 ሚሊዮን አሻቀበ። ጥቂት ወራት ሳይቆጠሩ ግን ወደ 1.4 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ለዚህ የሚሰጡት ምክንያቶች ልዩ ልዩ ናቸው። ወዳጅ ዘመድ ሌላ ቦታ መቅረቱ አንዱ ነው። ሌላው፣ አዲስ ገቢ ገና አንድ ቃል ሳይጽፍ «ሰርቨር ምረጥ» የሚል ትእዛዝ የሚያጋጥመው መሆኑ ነው።

ይህን ትእዛዝ በአማርኛ ለመፈተን በዲንሾ አጋጣሚ አገኘን። ዲንሾ በአዳባና በሮቤ መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት አነስተኛ ከተማ ናት። የቤት ቋንቋው በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛውም በመንገደኛና በእንግዳ መካከል ይሰማል። በአንድ ሻይ ቤት ከአንድ መምህርና እንግዳ በማስጎብኘት ከሚተዳደሩ ሁለት ወጣቶች ጋር ተቀምጠን፣ ከእነዚህ መድረኮች አንዱን ከፍተን፣ እንግሊዝኛውን በረቂቅ ዝርዝራችን መሠረት ወደ አማርኛ እየመለስን አነበብንላቸው። ጭውውት እንጂ ጥናት አልነበረም። ይሁን እንጂ ለብዙ ወራት በጠረጴዛ ዙሪያ ያላየነውን ጉድለት በአንድ ከሰዓት በኋላ አሳየን።

«አገልጋይ ምረጥ» ብለን ስናነብ ከወጣቶቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ እኔ አገልጋይ የምቀጥር ሰው ነኝ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ሣቅ ቢያስነሣም ተገቢ ነበር። «አገልጋይ» በአማርኛ የቤት ሠራተኛን፣ ከዚያም በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን ሰው ያመለክታል። የእንግሊዝኛውን ሥርወ ቃል በታማኝነት ተከትለን ስንተረጉም፣ መሣሪያን በሰው ስም ጠራን። ከዚህ የባሰው ግን ተጠቃሚው የሚመርጠው ነገር መሣሪያ አለመሆኑ ነው። የሚመርጠው የራሱ ደንብ፣ የራሱ ኃላፊና የራሱ ነዋሪዎች ያሉትን ስብስብ ነው። ስለዚህ ለመሣሪያው የተለመደውን «ሰርቨር» ትተን ሌላ መፈለግ አያሻም፤ ለስብስቡ ግን «ሰፈር» የሚለውን ቃል እናቀርባለን። «መንደር»ን ያልመረጥነው «መንደርተኛ» ከሚለው የነቀፌታ ቃል ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ሰፈር ለሰፈር መገናኘቱን ለማስረዳት «ፌዴሬሽን» ብለን ነበር። ከአድማጮቻችን አንዱ የእግር ኳሱን፣ ሌላው የፌዴሬሽን ምክር ቤትን አሰበ። መምህሩ ግን የተሻለ ምሳሌ ራሳቸው አመጡ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ ስልኩ በ09 የሚጀምር ሰው በ07 ወደሚጀምር ስልክ ይደውላል፤ ድርጅቱ የተለያየ ቢሆንም ጥሪው ይደርሳል። «ይኸው ነው?» አሉ። ይኸው ነው። በስልክ የሚመረጠው ከሁለት ሲሆን፣ እዚህ ግን ከብዙ ሺህ መሆኑ ብቻ ይለያል፤ የአጠቃቀሙ ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ብዛት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንመለስ። «ያልተማከለ» «ማዕከል» ከሚለው የግዕዝ ስም ከወጣው «ተማከለ» የተገኘ አሉታ ነው። ቃሉ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው «ያልተማከለ አስተዳደር» በሚለው ሐረግ ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይናገርም። ሁለተኛ፣ «ማዕከል የሌለው» ተብሎ ይሰማል። የዲንሾ ወጣቶችም በአፋን ኦሮሞ «ጊዱ» ከሚለው፣ መካከል ማለት ከሆነው ቃል ጋር አዛምደው፣ «እንግዲያው ኃላፊ የለውም ማለት ነው» ሲሉ ደመደሙ። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ግን የእነርሱ ሳይሆን የቃሉ ነው።

ፖል ባራን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው የመገናኛ መረቦች ጽሑፍ ሦስት ዓይነት መረቦችን ለይቷል፤ አንድ ማዕከል ያለውን፣ ብዙ ማዕከሎች ያሉትንና እያንዳንዱ አንጓ ከጎረቤቱ ጋር በእኩልነት የሚያያዝበትን። የእኛ «ያልተማከለ» ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በአንድ ከረጢት ከትቷቸዋል። ማስቶዶን የሁለተኛው ዓይነት ነው። እያንዳንዱ ሰፈር ጽሑፍ የሚሰርዝ፣ ሰው የሚያስወጣ፣ ቢሻው ደግሞ ሰፈሩን ጨርሶ የሚዘጋ ኃላፊ አለው።

ይህ ልዩነት የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጭንቀት ብቻ አለመሆኑን ሁለት ነገሮች ያስረዳሉ። አንደኛው ሕጉ ነው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎት ሰጪ ጥቆማ በደረሰው በ24 ሰዓት ውስጥ የተከለከለውን መልእክት እንዲያነሣ ይጠይቃል። በባለብዙ ሰፈር መገናኛ «አገልግሎት ሰጪ» ማን ነው? ምናልባት በትርፍ ጊዜው አንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር ግለሰብ ሊሆን ይችላል። «ያልተማከለ» ማለት «ኃላፊ የሌለው» መስሎት ሰፈር የሚከፍት ሰው፣ የተሸከመውን ኃላፊነት ሳያውቅ ይሸከማል።

ሁለተኛው የመዘጋት ጉዳይ ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለ5 ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ አያሌ ሰው ወደ ቪፒኤን ዞሯል። በስም ተለይቶ ለሚደረግ እገዳ የሰፈሮች ብዛት መፍትሔ ሊሆን እንደሚችል አንክድም። ነገር ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔቱ ራሱ በተቋረጠና ለ3 ሳምንታት ያህል በቆየ ጊዜ፣ የትኛውም ሰፈር ለዲንሾ ሰው ሊደርስ አይችልም ነበር። «ያልተማከለ»ን «የማይዘጋ» አድርጎ ለሚሰማ ሰው ቃሉ የማይፈጸም ተስፋ ይሰጣል።

ከዝርዝራችን የመጨረሻው ነቀፌታ «ፍልሰት» በሚለው ላይ ነው። ተጠቃሚ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ የሚሄድበትን አሠራር በዚህ ስንጠራው፣ በባሌም ሆነ በሌላ ስፍራ ድርቅንና መፈናቀልን የሚያስታውስ ከባድ ቃል ጫንንበት። ሕዝቡ ለዚህ የራሱ ልማድ አለው። ቀበሌ የሚለቅ ሰው መሸኛ ይዞ ይሄዳል፤ ማንነቱ ይከተለዋል፣ ቤቱ ግን በነበረበት ይቀራል። በማስቶዶንም እንዲሁ ነው። ተከታዮቹ ወደ አዲሱ ሰፈር ይዛወራሉ፣ የቀድሞ ጽሑፎቹ ግን አብረውት አይሄዱም። ስለዚህ «ዝውውር» ብንለውና ማስረጃውን «መሸኛ» ብንለው፣ ተጠቃሚው የሚቀርበትንም አስቀድሞ ያውቃል።

ከስያሜ ውጭ የሆነ አንድ የፊደል ችግርም መጠቀስ አለበት። በማስቶዶን የአድራሻ ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደልና በአኃዝ ነው፤ በቁቤ ለሚጽፈው የዲንሾ ወጣት ይህ ቀላል ሲሆን፣ በግዕዝ ፊደል የሚጽፈው ስሙን ለመለወጥ ይገደዳል። ጽሑፍ ለማግኘትም አንባቢው በእጅጉ የሚመካው በሃሽታግ ነው። አንዱ «ዓለም» ሌላው «አለም»፣ አንዱ «ሥራ» ሌላው «ስራ» ብሎ ከጻፈ ስለ አንድ ጉዳይ የሚነጋገሩት ሰዎች አይገናኙም። ስለ ሞክሼ ፊደላት ለረጅም ዘመን ያደረግነው ክርክር እዚህ ላይ አዲስ ዋጋ ያስከፍላል።

«ምርጫውን ማስረዳት ለምን ያስፈልጋል? መሰወር ይበቃል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እንዲህም ተደርጓል። ማስቶዶን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በስልክ መተግበሪያው ላይ አንድን ሰርቨር ቀዳሚ አድርጎ ማቅረብ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለሁሉም የተከፈተው ብሉስካይም አዲሱን ሰው ያለ ጥያቄ በኩባንያው ቤት ስለሚያስገባ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል። ደጃፉ ሰፋ፤ አብዛኛው ሰው ግን እንደገና በአንድ ቤት ተከማቸ። ሰው ያልገባውን ምርጫ ብንሰውርለት እፎይ ይላል፤ ብናስረዳው ግን ይመርጣል። ማስረዳት ደግሞ የቃል ሥራ ነው።

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተሉትን ለውይይት እናቀርባለን። አንድ ማዕከል ላለው «የተማከለ»፣ ብዙ ላሉት «ባለብዙ ማዕከል»፣ ምንም ለሌለው «ማዕከል አልባ» ይባል። ለስብስቡ «ሰፈር»፣ ለመሣሪያው «ሰርቨር»፣ ለመገናኘቱ «የሰፈሮች ትስስር»፣ ለመዛወሩ «ዝውውር» ይሁን። «ባለብዙ ማዕከል» ለአፍ ረጅም መሆኑን እናውቃለን፤ የማያሳስት ረጅም ቃል ግን ከሚያሳስት አጭር ቃል ይሻላል። የአፋን ኦሮሞ የቃላት አዘጋጆችም ይህንኑ ጽንሰ ሐሳብ በየበኩላቸው መሰየማቸው ስለማይቀር፣ ሁለቱ ወገኖች ዝርዝራቸውን አስተያይተው ቢሠሩ እንወዳለን። ተርጓሚዎችም ከእነዚህ ቃላት የትኛውንም ከማጽደቃቸው በፊት፣ ሙያውን ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለው እንዲያነቡለትና መልሱን እንዲያዳምጡ እናሳስባለን።