ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ቃል፤ ስለ አንድ የመስማት ፈተና የቀረበ ሂስ

በቀኝ ጆሮ አንድ ቃል፣ በግራ ጆሮ ሌላ ቃል በአንድ ቅጽበት አሰምቶ «የሰማኸውን ንገረን» ማለት፤ የፈተናው ነገር ይኸው ነው። ዶናልድ ብሮድቤንት በ1954 እ.ኤ.አ. ትኩረትን ሊመረምርበት ሞከረው። ዶሪን ኪሙራም በ1961 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል የአንጎል ሕሙማንን ፈትና፣ ንግግራቸው በግራው የአንጎል ክፍል የሚመራ ሰዎች በቀኝ ጆሮ የገባውን ቁጥር አብልጠው እንደሚይዙ አሳየች። የፈተናውን ጥቅም አንክድም፤ እንዳለ አንሥቶ ወደ መተማ ማውረዱን ግን እንቃወማለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ። በእንግሊዝኛው ፈተና ሰባት ቁጥር ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ሌሎቹ ባለ አንድ ክፍለ ቃል ሲሆኑ እርሱ ባለ ሁለት ነውና። በአማርኛ ነገሩ ይገለበጣል፤ እስከ አሥር ካሉት አጫጭሮቹ አንድና ሦስት ብቻ ናቸው። ዝርዝሩን ዝም ብሎ የተረጐመ ሰው አንዱ ጆሮ ጨርሶ ሌላው ገና ሲሰማ ያገኘዋል። ሁለቱን አውጥቶ በቀሩት መሥራት ይቻላል። ቁጥር መመረጡስ መልካም ነው፤ የሰሊጥ ኩንታል ሲቈጥር የሚውል ሠራተኛ ፊደል ባይቈጥር እንኳ ቁጥር አይጠፋውም። ነገር ግን አፉን በጉምዝኛ የፈታውን ሰው በአማርኛ አኃዝ ብንፈትነው የምንለካው አማርኛውን ነው እንጂ ጆሮውን አይደለም።

ይህስ ይታረማል፤ የሚከብደው ሌላው ነው። ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ በመተማ ቆላ ካላዛር ይጠብቀዋል። የስቲቦግሉኮኔትና የፓሮሞማይሲን የ17 ቀን መርፌ ነፍስ ያድናል፤ ፓሮሞማይሲን ግን የውስጡን ጆሮ ሊጐዳ ይችላል። ቀድሞ ለብርቱ ወባ በዋናነት ይሰጥ የነበረው ኩዊኒንም ጆሮን ያስጮኻል። እንዲህ ያለው ሰው በግራ ጆሮው የገባውን ቁጥር ቢስት ጥፋቱ የአንጎል ነውን፣ ወይስ የጆሮ? ፈተናው ብቻውን አይለይም። በዚያም ላይ የቀኝ ጆሮ ብልጫ በብዙ ሰዎች አማካይ ጐልቶ ቢታይም፣ ንግግራቸው በግራ አንጎል ከሚመራው መካከል እንኳ የማይታይባቸው ጥቂት አይደሉም። በአንድ ቀን ውጤት ብቻ «አንጎልህ ተነክቷል» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሸኘውን ሰው ስናስብ ነገሩ የመጽሐፍ ክርክር መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሥራ ይህ ነው፤ ከመጀመሪያው መርፌ በፊት የእያንዳንዱ ጆሮ መስማት ለብቻው በኦዲዮሜትር ይለካ፤ መርፌው ሲያልቅ ልኬቱ ይደገም። የሁለት ጆሮ ፈተና የሚጀመረው ሁለቱ ጆሮዎች እኩል መስማታቸው ከታወቀ በኋላ ነው።