ትራክተሩን የላከው ማን ነው? የ«ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» ጣልቃ ገብ ምዕራፎች

እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመው የጆን ስታይንቤክ ልቦለድ «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» 30 ምዕራፎች አሉት። በ16ቱ ውስጥ ዋናዎቹ ባለታሪኮች፣ ከኦክላሆማ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደዱት የጆድ ቤተሰቦች፣ የሉም። በነርሱ ፈንታ ስም የሌላቸው ገበሬዎች፣ ያረጀ መኪና ሻጮች፣ የባንክ ወኪሎች ይናገራሉ። አንዳንድ ሃያስያን እነዚህን ጣልቃ ገብ ምዕራፎች ትረካውን የሚያቋርጡ ስብከቶች ይሏቸዋል። በእኔ ንባብ ግን ልቦለዱ የቆመው በነሱ ላይ ነው።

አምስተኛውን ምዕራፍ እንውሰድ። ትራክተሩ የጭሰኛውን ቤት ሊንድ ይመጣል። ጭሰኛው ጠመንጃ ይዞ ይቆማል፤ ግን ማንን ይግደል? ነጂው በቀን 3 ዶላር የሚከፈለው የሚያውቀው ሰው ልጅ ነው። ነጂውን የላከው ባንኩ ነው፤ ባንኩም ትእዛዝ የሚቀበለው በምሥራቅ ካሉ ሰዎች ነው። ቁጣው የሚያርፍበት አካል ያጣል። ይህን ሰንሰለት ከጆዶች አንዱም ሙሉ በሙሉ ሊያየው አይችልም። የቤተሰቡ ልጅ ቶም ከእስር በአመክሮ ተፈትቶ ሲመለስ የሚያገኘው የተተወ ቤት ነው። ትረካው በቤተሰቡ ዓይን ብቻ ቢወሰን ኖሮ ስደታቸው የሰማይ ቁጣ ብቻ መስሎ በቀረ ነበር። በእርግጥ ግን የጆዶች አገር ሳሊሶ፣ በምሥራቅ ኦክላሆማ፣ ከ1930ዎቹ የአቧራ ማዕበል እምብርት የራቀች ናት። በዚያ አካባቢ ጭሰኛውን የነቀለው የጥጥ ዋጋ መውደቅ፣ ዕዳና ማሽን ነው፤ ከ1933 ጀምሮ መንግሥት የጥጥ ማሳ እንዲቀንሱ ለባለመሬቶች የከፈለው ገንዘብም አለበት። በአርሲ ጭላሎ ትራክተር ሲገባ ጭሰኞች ከመሬታቸው መነሣታቸውን ለሚያስታውስ የአማርኛ አንባቢ ይህ ምዕራፍ ማብራሪያ አያሻውም።

25ኛው ምዕራፍ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ዋጋ እንዳይወርድ ብርቱካን ላይ ነጭ ጋዝ ይረጫል፤ ድንች ወንዝ ውስጥ ይጣላል፤ የተራቡት እንዳያወጡት ዘበኛ ይቆማል። ስታይንቤክ በ1936 ለአንድ የሳን ፍራንሲስኮ ጋዜጣ ስለ ስደተኛ ሠራተኞች ተከታታይ ዘገባ ጽፎ ነበርና ቁጣው ካየው የመጣ ነው። በካሊፎርኒያ የከርን ካውንቲ አስተዳደር በነሐሴ 1939 መጽሐፉን ከትምህርት ቤቶቹና ከቤተ መጻሕፍቱ አግዷል።

ከልቦለዱ የተሠራው የጆን ፎርድ ፊልም (1940) ጣልቃ ገብ ምዕራፎቹን ከሞላ ጎደል ትቷል፤ ቅደም ተከተሉንም ገልብጧል። በልቦለዱ ጆዶች ንጹሕ የመንግሥት ካምፕ ያገኛሉ፤ ከዚያ ወደ ረኀብና ጎርፍ ይወርዳሉ። በፊልሙ ካምፑ ወደ መጨረሻው ተሸጋግሮ ታሪኩ በእናትየው ተስፋ ይዘጋል። ፊልሙ ውብ ነው፤ ክሱ ግን ላልቷል።

ልቦለዱም የሚወቀስበት አለ። በ1933 በሳን ዋኪን ሸለቆ የጥጥ ለቃሚዎችን ታላቅ አድማ ያካሄዱት በአብዛኛው ሜክሲኳውያን ነበሩ። በስታይንቤክ ገጾች ግን ሜክሲኳውያንና ፊሊፒናውያን በጨረፍታ ያልፋሉ እንጂ ስም ያለው ገጸ ባሕርይ አይሆኑም። የተሸፈነ ሌላ ድምፅም አለ። በስደተኛ ሠራተኞቹ ካምፖች የሠራችው ጸሐፊ ሳኖራ ባብ የራሷን ልቦለድ ጽፋ ነበር፤ የስታይንቤክ መጽሐፍ ገበያውን ስለያዘ አሳታሚዋ ተወው። ልቦለዷ «ሁዝ ኔምስ አር አንኖን» የታተመው በ2004 ነው። ስታይንቤክን የሚያስተምሩ መምህራን ይህንንም ጎን ለጎን ያስነብቡ።