አሸዋ የተዘራበት ወለል

የሆቴል ወጥ ቤት ወለል ዘይትና ውሃ አያጣም። ወለሉ የሚለበጥበት ኢፖክሲ ሲደርቅ መስታወት መስሎ ያምራል፤ ቅባት ሲነካው ግን ትኩስ ድስት የተሸከመን ሰው ይጥላል። ስለዚህ ጎበዝ እጅ የሠራው ወለል ሲገጥመኝ ጎንበስ ብዬ በመዳፌ ሳልዳብስ አላልፍም።

ኢፖክሲ ከማጠንከሪያው ጋር ከተዋሐደ በኋላ ፋታ አይሰጥም፤ ባልዲው ውስጥ ከቆየ እየሞቀ ይጠጥራል። ባለሙያው ቶሎ አፍስሶ ይዘረጋውና ከሥሩ ሹል ብረት ያለው ጫማ አጥልቆ እርጥቡ ላይ ይቆማል። ከዚያ ታጥቦ የደረቀ፣ በወንፊት የተለየ የኳርትዝ አሸዋ በእፍኙ ያነሳል። ጤፍ ሲዘራ ያየ ሰው አበታተኑን ያውቀዋል። አሸዋው ወደ ላይ ይለቀቃል እንጂ ወደ ታች አይወረወርም፤ እንደ ካፊያ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ወደ ታች የተወረወረ እፍኝ እርጥቡን ገፍቶ ጎድጓዳ ያበጃል፤ ጎድጓዳውም እንዳለ ይደርቃል። የእርጥቡ ጸዳል ጨርሶ እስኪጠፋ፣ ወለሉ የደረቀ የወንዝ ዳር እስኪመስል ይበተናል።

በማግስቱ ያልያዘው አሸዋ ይጠረጋል። ሥራው ያለቀ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ጥበብ ገና ነው። አሸዋው ላይ የሚደረበው የላይኛው ልባስ ከወፈረ ቅንጣቱን ይውጠዋል፣ ወለሉም ተመልሶ ያዳልጣል። ከሳሳ ደግሞ የመወልወያውን ክር እየበጣጠሰ ያስቀራል፣ ቆሻሻም ይይዛል፤ ይህን ዕዳ በየማታው የምትከፍለው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ጥሩ ባለሙያ ለአብሳዩ እግርም ለእሷ ክንድም ያስባል። ልባሱን በሮለር ስስ አድርጎ፣ አንዴ በቁመት አንዴ በአግድም ይስበዋል፤ የቅንጣቱ ስለት ይለዝባል፣ ጫፉ ግን ብቅ እንዳለ ይቀራል።

ጀርመኖች ውጤቱን በሰው እግር ይለኩታል። ዲን 51130 ይባል በነበረው ፈተና፣ ጫማ ያጠለቀ ሰው የሞተር ዘይት በፈሰሰበት ናሙና ወለል ላይ ይራመዳል፤ ወለሉ ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ከ6 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ የቻለ አር 9 ይባላል፣ ከ35 ዲግሪ በላይ የጸና አር 13።

አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ያየሁት ወለል ከአእምሮዬ አልጠፋም። መጥበሻው ፊት ቅንጣቱ ሻከር ይላል፤ እግር በማይደርስበት የመደርደሪያ ሥር አሸዋ የሚባል የለም። ግድግዳውና ወለሉ የሚገናኙበት ጥግ ጨርቅ እንዲያልፍበት ክብ ተደርጎ ለስልሷል። በሻካራውና በለስላሳው መካከል ያለው ወሰን በገመድ የተለካ ይመስላል፦ ወሰኑ ላይ የተለጠፈውን ማስኪንግ ቴፕ ኢፖክሲው ሳይደርቅ ነው ያነሱት። ጠርዙን በጣቴ ተከትዬ ጥግ እስከ ጥግ ሄድኩ፤ አንድም ቦታ አልተሸረፈም።