ብርሃኑ ያለው እንስሳው ላይ ነው

በኅዳር መንዝ ጓሳ ላይ ያደረ ሰው አመዳይን ያውቀዋል። ድንኳኑ ነጭ ለብሶ ያነጋል፣ ሣሩ ሲረግጡት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ጣት ከጓንት እንደወጣ ይደነዝዛል። ባትሪም ብርድ አይወድም፤ መለዋወጫውን ደረቴ ላይ ሸጉጬ ነው የማድረው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ፣ ደብረ ብርሃንን አልፌ፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ በታጠፍኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ግን ብርዱ ሳይሆን የመጀመሪያው ጉዞዬ ነው።

ያኔ እንጀራዬ ሰርግ ማንሳት ነበር። ካሜራዬን አውቶ ላይ አድርጌ ለዓመታት ሠርቼበታለሁ፤ ስለዚህ ለጭላዳም ይበቃል ብዬ ሄድኩ። ጭላዳዎቹ ሌሊቱን ካሳለፉበት ገደል አንድ በአንድ ወጥተው ጠርዙ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ደረስኩ። አንድ ትልቅ ወንድ ጎፈሩን ነፋስ እየበተነው ተቀምጧል፤ ፀሐይ ከጎኑ ወድቃበታለች፤ ከኋላው ባዶ ሰማይና ከቆላ የሚወጣ ጉም ብቻ ነው። ደጋግሜ አነሳሁት። ቤቴ ገብቼ በኮምፒውተር ስከፍተው ሰማዩ አምሯል፤ ጭላዳው ግን በመቀስ ተቆርጦ የተለጠፈ ጥቁር ወረቀት መስሏል። ዓይኑ አይታይም። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ አይታይም። ያን ያህል መንገድ ሄጄ ያመጣሁት የሰማይ ፎቶ ነበር፤ ብዙ ቀን ቆጭቶኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ፊቱ የቆመው ነገር ጥቁር ይሁን ነጭ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ነው ሥራው። ደማቅ ሰማይ ሲሰፋበት ብርሃኑ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ጥቁር ጎፈር ሲሞላበት አነሰ ብሎ ይጨምራል። ያው ጭላዳ በአምስት ደቂቃ ልዩነት ሰማይ ፊት ጠቁሮ፣ በቅርብ ሲነሳ ደግሞ ነጥቶ ይወጣል። ፀሐይዋ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ፣ ሣር መሐል ቢገባ፣ ጭላዳው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ያው ነው። ለእኔ ማንዋል ማለት ይህ ነው፦ ከኋላው ምንም ይምጣ ምን፣ እንስሳው ላይ ላረፈው ብርሃን መጠኑን አንዴ ወስኖ መጽናት።

ይህን በቃል ከሰማሁት በኋላም እጄ ለመማር ወራት ፈጅቶበታል። የተማርኩት ደግሞ መንዝ ሳይሆን አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ ነው። እዚያ ጭልፊት ሞልቷል። ቡናማ ወፍ በነጭ ሰማይ ላይ ይዞራል፣ ድንገት ታጥፎ ከጣሪያ በታች ይወርዳል፣ ጀርባው ያለው ሰማይ በአንዴ ወደ ግድግዳና ዛፍ ይለወጣል። በአውቶ ያነሳኋቸው ላይ ጭልፊቱ ሰማይ ላይ ከሰል፣ ግድግዳው ፊት ደግሞ የታጠበ ነበር። በማንዋል ግን አንዴ ካስተካከልኩ ላዩም ታቹም አንድ ወፍ ሆኖ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰርግ በፊት አንድ ሰዓት እየቆምኩ እሱን ብቻ አነሳሁ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ የፓርክ መግቢያም የመኪና ኪራይም አይጠይቅም።

መጠኑን የማገኘው በመዳፌ ነው። መዳፌን እንስሳው ፀሐይ ወዳገኘበት አቅጣጫ አዙሬ፣ ቪውፋይንደሩን በእሱ ብቻ ሞልቼ እለካለሁ። የሰው መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ይደምቃል፤ ስለዚህ መለኪያው ካለው ላይ አንድ ስቶፕ እጨምራለሁ። ፀሐይ ከወጣች ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምደርሰው አፐርቸር 5.6፣ አይኤስኦ 800፣ ሹተር 1/1600 አካባቢ ነው። ሹተሩን የምመርጠው መጀመሪያ ነው፤ ለተቀመጠ ጭላዳ 1/500 ይበቃኛል፣ ለሚዘል ቀበሮ ግን ከ1/1600 አልወርድም። አይኤስኦ ሲጨምር የሚመጣውን ሻካራነት አልፈራውም። የደበዘዘን እንስሳ ግን የሚመልስ ነገር የለም።

የጭላዳው ደረት ሌላ ጣጣ አለው። ቀዩ ቀለም ከሌላው ቀድሞ ይቃጠላል፤ ጠቅላላው ሂስቶግራም ደህና መስሎ ሳለ ደረቱ ሜዳ ቀይ ሆኖ የቆዳው መስመር ሊጠፋ ይችላል። እኔ የቀዩን ሂስቶግራም ለብቻው አያለሁ፤ የቀኝ ጠርዙን ከነካ አንድ ሦስተኛ ስቶፕ እቀንሳለሁ።

ማንዋል ያልያዘ ፎቶ አንሺ አይደለም የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። ደመና በየደቂቃው ፀሐይዋን ሲሸፍናትና ሲገልጣት፣ ሹተርና አፐርቸሩን ራሴ ይዤ አይኤስኦውን ለካሜራው የምተውበት ቀን ብዙ ነው። ዋናው ነገር ካሜራው የት ቦታ እንደሚሳሳት ቀድሞ ማወቅ ነው።

ባለፈው ኅዳር ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ቀይ ቀበሮ መሐላቸው ገባች። አልሸሿትም፤ እሷም ግልገሎቹን አላየቻቸውም። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚለው ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መሐል ሆኖ ግን ከሦስት ሁለቱ። አብሮኝ የነበረው ሽማግሌ ጥበቃ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ልጄ፣ አትከተላት፤ ተኝተህ ጠብቃት» አለኝ። ትክክል ነበር። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ለፎቶ ብሎ አንዷን ከአደኗ ማባረር ነውር ነው። በደረቴ ተኛሁ። አመዳዩ ቀልጦ ሸሚዜን አረጠበው።

ቀበሮዋ ቆመች። የፊት እግሯን አንስታ አንጠለጠለች፣ ራሷን ዘንበል አደረገች፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ አንዲት የሣር ቁጥቋጦ ተተከሉ። አንገቷ ሥር ያለው ነጭ እንዳይቃጠል ቀድሜ አንድ ሦስተኛ ቀንሼ ነበር። ልትዘል ስትል ስስ ደመና ፀሐይዋን ጋረዳት። አውራ ጣቴ የአይኤስኦውን መዘውር ሦስት ጊዜ ቀጭ አደረገው፤ አንድ ስቶፕ። ዓይኔን ከቪውፋይንደሩ አላነሳሁም። ዘለለች።

ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጣን ፎቶውን ለሽማግሌው አሳየሁት። ካሜራውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ፊቱን አስጠግቶ ቆየ። «ይቺማ የማውቃት እናት ናት፤ ጆሮዋን እየው» አለኝ። ከዚያ በፊት ልብ አላልኩትም ነበር። አጉልቼ ሳየው የግራ ጆሮዋ ጫፍ የእንክርዳድ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ጎድሎታል፤ ዙሪያውን ያሉት ፀጉሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።