«ተቃጥሏል» ሲባል የተቃጠለው ምንድን ነው? ስለ ላፕቶፕ ማሳያ ጥገና ቃላት የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላት በሚመዘኑበት ጊዜ አዘውትረው የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ ቃሉ ከምን ሥር ተገኘ፣ ከባዕዱ ቃል ጋርስ ምን ያህል ይመጣጠናል የሚሉት። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከታቸውን ቃላት ግን በሌላ ሚዛን ልናያቸው እንወዳለን፤ ይኸውም አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የተበላሸ ዕቃውን ሲመረምር ቃሉ አንዱን ብልሽት ከሌላው ይለይለታል ወይስ ያምታታበታል የሚለው ነው። ለዚህም የላፕቶፕን ማሳያ መርጠናል። ብልሽቱ ከውጭ ሲያዩት አንድ መስሎ ከውስጥ ሲፈትሹት የተለያየ ስለሆነ፣ የቃል ስሕተት ወዲያውኑ በገንዘብ የሚከፈልበት መስክ ነው።

«ስክሪኑ ተቃጥሏል» የሚለውን ፍርድ ያልሰማ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ግሱ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ አምፖል ይቃጠላል፤ በውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ ይበጠሳልና። ከአምፖል ወደ ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ከዚያም ወደ ላፕቶፕ በተዛወረ ጊዜ ግን ፍቺው እየሰፋ ሄዶ «አይሠራም» ከማለት የማይለይ ሆኗል። ሆኖም ከቀድሞው ፍቺ አንድ ነገር ይዞ ቀርቷል፤ የተቃጠለ ነገር አይመለስም። ስለዚህ «ተቃጥሏል» የተባለ ሰው ምርመራውን ያቆምና አዲስ ፓነል ይገዛል። ጥፋቱ የላላ ኬብል በሆነ ጊዜ አዲሱም ፓነል እንደ አሮጌው ይጨልማል።

የማሳያውን አሠራር በአጭሩ እናስታውስ። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ያለው ባለፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ ምስል ይሠራል እንጂ ብርሃን አይሰጥም። ክሪስታሎቹ ብርሃንን የሚያሳልፉና የሚከለክሉ ደቃቅ መዝጊያዎች ናቸው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከበስተኋላቸው ከተዘረጋ ሌላ አካል ነው። (ኦሌድ በሚባለው ዓይነት እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ ስለሚያበራ፣ ስለዚህ አካል የምንለው እርሱን አይመለከተውም።) እንግዲህ ምስልና ብርሃን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ጠፍቶ ሌላው ሊኖር ይችላል። ቃሎቻችን ይህን ካልያዙ ምርመራው ከመነሻው ይሰናከላል።

በስልኮችና በኮምፒዩተሮች የአማርኛ ትርጉም ውስጥ «ማያ ገጽ» እና «ማሳያ» የሚሉት ተለምደዋል። አመሠራረታቸው እንከን የለበትም፤ «ማያ» ከ«አየ»፣ «ማሳያ» ከ«አሳየ» የወጡ ስሞች ናቸው። ተርጓሚዎች እያፈራረቁ ቢጽፏቸው የብርሃኑን መጠን ለመቀነስ ለሚሻ ተጠቃሚ ምንም አይጎድልበትም። ጠጋኙ ግን ሦስት ነገር መለየት አለበት፤ በክዳኑ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ክፍል፣ ተነቅሎ የሚለወጠውን አካልና ዓይን የሚያርፍበትን ፊት። እኛ ለመጀመሪያው «ማሳያ»፣ ለመጨረሻው «ማያ ገጽ» እንዲጸና፣ ለመካከለኛውም «ፓነል» እንዳለ እንዲወሰድ እንሻለን። ለ«ፓነል» አዲስ ቃል መፍጠር አይከብድም፤ ነገር ግን ዕቃው ሱቅ ውስጥ የሚጠየቀው በዚህ ስሙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረው ከበስተኋላ የሚያበራው አካል ስም ነው። «የጀርባ ብርሃን» ተብሎ ቃል በቃል ሲተረጎም አንባቢው ላፕቶፑን አገላብጦ ጀርባውን እንዲያይ ይጋብዘዋል፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ክዳን ላይ የሚበራ ምልክት ስላለም ግርታው ይብሳል። «የኋላ መብራት» ቢባል ማንኛውም አሽከርካሪ የሚያስበው መኪናውን ነው። «መብራት» ብቻ ቢባልስ? ይህ ከሁሉ የባሰ ነው። «መብራት ጠፋ» ስንል ፋኖስ ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ማሳያው መብራት የለውም» የሚለው ዐረፍተ ነገር ኃይል አልደረሰውም ወይም አያበራም ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ መርማሪው ሊለያቸው የሚገባውም እነዚህኑ ሁለቱን ነው። የጥገና ሰዎች «ላይት የለውም» የሚሉት በስንፍና ነው የሚለውን ወቀሳ የማንቀበለውም ለዚህ ነው። ውሰት ቃሉ «መብራት» ሊያደርገው ያልቻለውን ልዩነት ያደርጋል።

የእኛ ምርጫ «አብሪ» ነው። ቃሉ እንግዳ አይደለም፤ አብሪ ትልና አብሪ ጥይት እንላለን፤ በሁለቱም ላይ ብርሃኑን የሚሰጠው ነገር ራሱ ተለይቶ ይታወቃል። «የማሳያው አብሪ አይሠራም» ሲባል ምስሉ ጠፍቷል ማለት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የምርመራው ዘዴም ከዚሁ ይከተላል። ጨለማ በሆነው ማያ ገጽ ላይ የእጅ ባትሪ በአግድሞሽ ሲያበሩበት የደበዘዘ ምስል ከታየ ምስሉ አለ፤ የጎደለው ብርሃን ነው። አብሪው ብዙውን ጊዜ ከፓነሉ ጋር ተዋሕዶ ስለሚሠራ የሞተው እርሱ ከሆነ ፓነሉ መለወጡ አይቀርም። ነገር ግን ጥፋቱ ኃይል በሚያደርስለት ኬብል ወይም በዋናው ሰሌዳ ላይ ባለች ደቃቅ ፊውዝ ከሆነ፣ ፓነል መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

«የእጅ ባትሪ» ያልነው በድንገት አይደለም። በአማርኛ «ባትሪ» ኃይል የሚያጠራቅመውም በጨለማ የምንይዘውም ዕቃ ስም ነው። አንድ ተርጓሚ በአንድ ገጽ ላይ አስቀድሞ «ባትሪውን ያውጡ»፣ ቀጥሎ «በባትሪ ያብሩበት» ብሎ ቢጽፍ ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን የቱን እንዳወጣና በየትኛው እንደሚያበራ ራሱ መገመት አለበት። «የላፕቶፑ ባትሪ» እና «የእጅ ባትሪ» ብሎ እስከ መጨረሻው መለየት ድግግሞሽ ቢመስልም ግዴታ ነው። ነገሩ የደኅንነትም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት በተሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ላይ አብሪው ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦ ሲሆን፣ ኢንቨርተር የተባለችው ትንሽ ሰሌዳ በብዙ መቶ የሚቆጠር ቮልት ትመግበዋለች፤ የላፕቶፑ ባትሪ ሳይለያይ እርሷን መንካት አይገባም። በነገራችን ላይ «ኢንቨርተር» ሲባል ዛሬ ብዙው አንባቢ የሚያስበው መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያበራለትን ዕቃ ነው፤ «የአብሪው ኢንቨርተር» ማለት ያስፈልጋል።

በስሞች ረገድ እንዲህ ብንቸገርም በግሶች ረገድ አማርኛ ባለጸጋ ነው፤ ትርጉሞቹ ይህን ሀብት አለመጠቀማቸው ያሳዝናል። ማሳያው ጠፋ፣ ጨለመ፣ ደበዘዘ፣ ነጣ፣ መስመር አወጣ፣ ተሰነጠቀ፤ እያንዳንዱ ግስ ወደ ተለየ ምክንያት ይመራል። ተሰንጥቆ ጥቁር ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ፓነል መድኀኒት የለውም። ነጭ ብቻ የሚያሳይ ማሳያ አብሪው ደኅና ነው፤ የተቋረጠው የምስሉ መልእክት ነው። ብርሃኑ ቶሎ ቶሎ የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ሁኔታ «ይንቀጠቀጣል» ብሎ መተርጎም ደግሞ ስሕተት ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ምስል ቦታውን ይለቃል፣ ይህ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። «ብልጭ ድርግም ይላል» የሚለው የአፍ አነጋገር እያለልን ሌላ መፈለጋችን ያስገርማል። ክዳኑን ቀስ ብለው ከፍና ዝቅ ሲያደርጉት ብልጭ ድርግሙ የሚለዋወጥ ከሆነ ተጠርጣሪው በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ኬብል ነው። ላፕቶፑን ከሌላ ማሳያ ጋር ሲያገናኙት ያው ጉድለት በዚያም ላይ ከታየ ግን ፓነሉ ንጹሕ ነው፤ ነገሩ ወደ ሰሌዳው ወይም ወደ ሶፍትዌሩ ይዞራል። ስርዓተ ክወናው ከመነሣቱ በፊት በሚመጣው የማስተካከያ ገጽ ላይም ጉድለቱ ካለ ሶፍትዌሩ ከጥርጣሬ ይወጣል።

ለአንድ ግስ ግን ጥንቃቄ እንጠይቃለን፤ እርሱም «መንቀል» ነው። ችግኝም ምስማርም የሚነቀለው ወደ ላይ ተስቦ ነው፤ እጅም ቃሉን ሲሰማ ወደ ላይ ይስባል። በፓነሉ ጀርባ ላይ የተሰካው የኬብል ጫፍ ግን ባብዛኛው የሚወጣው ከፓነሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ሲንሸራተት ነው፤ ወደ ላይ ከተሳበ ሶኬቱ ይሰበራል። ስለዚህ «ማጣበቂያውን ልጦ፣ መቆለፊያ ካለው አንሥቶ፣ ጫፉን ከሶኬቱ አንሸራትቶ ማውጣት» ብሎ መጻፍ ይረዝማል እንጂ አይበዛም። እንደዚሁም «ባትሪው መለያየቱን እርግጠኛ ይሁኑ» የሚለው አባባል ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው፤ «የላፕቶፑ ባትሪ ሳይለያይ ክፈፉ አይነካም» ቢባል አማርኛውም ማስጠንቀቂያውም ይጠነክራል።

በመጨረሻ ተርጓሚው እጁን መሰብሰብ ያለበት ቦታ አለ። የፓነሉ ዓይነት የሚታወቀው በጀርባው ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሶኬቱ ባለ30 ወይም ባለ40 ፒን ሊሆን ይችላል፤ የማሰሪያ ጆሮዎቹም ይለያያሉ። ይህን ሁሉ የሚወስነው እዚያ ወረቀት ላይ የታተመው የሞዴል ቁጥር ነው። ቁጥሩ በመምሪያው ውስጥ በፊደላችን ሲጻፍ ለንባብ ይመቻል፤ በዚያ ጽሑፍ ፓነል ያዘዘ ሰው ግን የሚሻውን አያገኝም። ስለሆነም ቁጥሩ ከነሰረዙ፣ በታተመበት ፊደል እንዳለ ይገልበጥ፤ በአማርኛ ሊብራራ የሚገባው ወረቀቱ በፓነሉ የትኛው ጎን እንደሚገኝ ነው።